የዘጠኝ ሰዓት ምክንያት

ሰው ከፍርስራሽ ሥር ሆኖ ግድግዳ ቢያንኳኳላችሁ ስንት ሰዓት ታስጠብቁታላችሁ? መልሱን በልባችሁ ያዙት። አንድ ሰዓት የሚል ካለ ልበ ደንዳና ነው። ሁለት ሰዓት የሚል ካለ ሥራ የበዛበት ባለሥልጣን መሆን አለበት። ዘጠኝ ሰዓት የሚል ግን አይገኝም። ሆኖም ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ያስጠበቁትም ተጨብጭቦላቸው በሰላም ወደ ቤታቸው ገቡ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የማዕድን ከተማ ነው። የከተማዋ ሰው ኑሮው ከመሬት በታች ነው፤ ባል ጉድጓድ ይወርዳል፣ ሚስት ከላይ ሆና ሰዓት ትቆጥራለች። ዋሻ ሲደረመስ የሚገባ አሥራ ሁለት ሰው ያለው የነፍስ አድን ጓድ አለ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አድማጭ ነው። የአድማጭ ሥራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሁለት ክንድ የሚሆን የብረት ዘንግ ይዞ፣ አንዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ፣ ሌላውን ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፍና እጁን ያነሳል። ያ እጅ ሲነሳ መቆፈሪያው ይቆማል፣ ወሬው ይቆማል፣ ሳል እንኳ በጉሮሮ ይታፈናል። ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ይጠብቃል። ከወዲያ መልስ ከመጣ ሰዓቱን አጠገቡ ባለ ድንጋይ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። የጓዱ ሕግ ነው። በጥድፊያ ይቆፈር ወይስ ድጋፍ እየቆመ በዝግታ ይገባ የሚለውን የሚወስነው የመጨረሻው የተጻፈ ሰዓት ነውና።

ይኸኛው አድማጭ ዘንግ ከያዘ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሚስቱ ግን ቤት ውስጥ የተነገረውን አንድም ቀን ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ስሙ በስህተት የወጣለት ነው ባይ ናት። እሷ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ናት። ለሚወርደው ሁሉ ቁጥር ያለው የራስ መብራት ታድላለች፣ ሲወጣ ትረከባለች። በፈረቃው መጨረሻ አንድ መንጠቆ ባዶ ከሆነ፣ ከታች ሰው መቅረቱን ከአለቃው በፊት የምታውቀው እሷ ናት።

አንድ ሰኞ ንጋት ላይ ከባሕር ማዶ ባለ አገር ምድር ተናወጠች፤ አንድ ከተማ እንዳለ ተኛ። መንግሥታችን ቀኑ ሳይመሽ «የወንድም ሕዝብ ሐዘን ሐዘናችን ነው» ብሎ የነፍስ አድን ጓድ እንደሚልክ አወጀ። መልካም አደረገ፤ እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም። ጓዱ ዕቃውን በአርባ ደቂቃ ጭኖ ተነሳ። ሚስቱ አሥራ ሁለት የራስ መብራት ቆጥራ እያስረከበችው፣ ሁሉንም በቁጥራቸው እንዲመልስላት አስጠነቀቀችው። ስንብታቸው ይኸው ነበር።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዋናው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ፣ የጭነት በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። አብራሪው ወርዶ አንድ በአንድ ጨበጣቸውና ሰባት ሰዓት በረራ እንደሆነ፣ እሱ በበኩሉ አሁኑኑ መነሳት እንደሚችል ነገራቸው። ክሪኩ፣ መቁረጫው፣ የድጋፍ እንጨቱ ሁሉ ገባ። ሰዎቹ መሰላሉን ሊረግጡ ሲሉ ግን ከሚኒስቴሩ የመጣ የፕሮቶኮል ሹም እጁን እያወናጨፈ ደረሰ። ክቡር ሚኒስትሩ ሳይሸኟቸው መሄድ አይቻልም። ካፖርትም ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ባንዲራ እየተሰፋበት ነው። ቢበዛ አንድ ሰዓት።

የክብር እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አስገቧቸው። ሶፋው ለስላሳ ስለነበር አቧራ የለበሰ ሱሪያቸው እንዳያቆሽሸው ጋዜጣ ዘርግተው ተቀመጡ። ሚኒስትሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከስብሰባው ቀጥሎ ሌላ ስብሰባ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ካፖርቶቹ መጡ፤ ሲለኳቸው ለቁመተ ረጅም ሰው የተሰፉ ናቸው። ዋሻ የለመደ ሰው ቁመት ብዙም አይወድም፤ አጭሩ ቆፋሪ እጁ በእጅጌው ውስጥ ጠፍቶ ሲቀር፣ የድጋፍ እንጨት ሠሪው «እኛ ሚዜዎች ነን፣ ሙሽራው ግን የታለ?» ብሎ አሳቃቸው። አዎ፣ ሳቁ። ሰው ሲጠብቅ ይስቃል። ከዚያ ሹሙ አንድ ጉድለት አገኘ። ባንዲራው የተሰፋው በግራ ደረት ላይ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ካሜራ የሚቆመው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። አሥራ ሁለቱ ካፖርቶች ተሰብስበው ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ተመለሱ።

አድማጩ ያኔ ተነስቶ አለቃው ዘንድ ሄደ። አለቃው ከእሱ ጋር አብሮ ያደገ፣ ሁለት ጊዜ አብሮት የተቀበረና የወጣ ሰው ነው። «አለቃ፣ ይህ ነገር ደስ አላለኝም። አብራሪው ዝግጁ ነው፣ እኛም ዝግጁ ነን። ተነስተን እንግባ» አለው። አለቃው ወደ ሹሙ አየ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም አይነቅዝም፣ ወንድሜ። ፈቃድ የነሱ ነው» አለው። አድማጩ ተመልሶ ጋዜጣው ላይ ተቀመጠ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ራሱን ይቅር ያላለው ለዚህ መቀመጡ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ካፖርቶቹ ባንዲራቸው በቀኝ ሆኖ ተመለሱ፤ ሹሙ በቁመት አሰለፋቸውና አቋቋም አስተማራቸው። ሐዘን ስለሆነ ጥርስ አይታይ፣ ግን ፊት ላይ ተስፋ ይነበብ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒስትሩ ደረሱ። ንግግራቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ። «እያንዳንዷ ደቂቃ ነፍስ ናት» አሉ፤ ካሜራው ቀረበ፤ ተጨበጨበ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር።

ሰባት ሰዓት በረሩ። ስድስት ሰዓት በከባድ መኪና ተጓዙ። ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከተማዋ ደረሱ፤ ያች ከተማና የእነሱ አገር በባሕር ይለያዩ እንጂ ሰዓታቸው አንድ ነው። የተመደበላቸው አራት ፎቅ የነበረ መኖሪያ ቤት ነው፤ አሁን ወገብ ያህል ቀርቷል። አስተርጓሚያቸው በእኛ አገር ተምራ የተመለሰች ነርስ ናት። አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች፤ ጫማው አንድ እግር ብቻ ነው፣ እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁ ደም ለብሷል። ልጁ ከሥር አለች። የከተማዋ ነፍስ አድኖች በሙሉ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ላይ ናቸው፤ ሽማግሌውና ጎረቤቶቹ በእጃቸው የቻሉትን ያህል ቆፍረው፣ ክሪክ ከሌለ የማይነሳ ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ቆመዋል።

ሽማግሌው አድማጩን በክንዱ ይዞ ወዳልወደቀው ግድግዳ ወሰደው። ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ረጅም ዓምድ አለ። አድማጩ ፊደሉን አያውቀውም፣ ግን ምን እንደሆነ ገና ሳይነበብለት ገባው። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የነበረ ጡረተኛ ነው፤ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ሰዓት መጻፍ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ልጁ ባንኳኳች ቁጥር ሰዓቱን ጽፏል።

ነርሷ ከላይ ጀምራ አነበበችለት። ሰኞ ሃያ ሦስት ጊዜ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አድማጩ በዚያ ሰዓት ሶፋ እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ ይዘረጋ ነበር። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ከሩብ፤ እጅጌ ይለካ ነበር። አሥር ሰዓት ከሃያ፤ ጥርሱን እንዳያሳይ ይማር ነበር። ከምሽቱ አራት ተኩል። ከሌሊቱ ስድስት። ስምንት። አሥር። ከአሥር በኋላ ግድግዳው ባዶ ነው።

በጣቱ መቁጠር አላስፈለገውም። ማክሰኞ ጠዋት ተነስተው ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ ግድግዳ ሥር የሚደርሱት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። የመጨረሻዎቹ አራት መስመሮች ያኔ ገና አልተጻፉም።

ቢሆንም ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያለፈው፤ ሰው ይደክማል፣ ይተኛል፣ ተመልሶ ያንኳኳል። ዘንጉን አውጥቶ ጣሪያው ላይ አሳረፈ፣ እጁን አነሳ። መንገዱ ሁሉ ጸጥ አለ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ምንም። ቦታ ቀየረ። ምንም። እንዲህ ሲል ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይዋ ከተራራው ወጥታ ፍርስራሹን መታችው። ያኔ በስተ ምሥራቅ ባለው ጥግ፣ ዘንጉ ውስጥ ድምፅ መጣ። ሁለት ጊዜ። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ጊዜ። ጥርት ያለ፣ ብረት በብረት የተመታ ድምፅ ነው። አድማጩ በጆሮው እንዳይታለል ጠበቀ። ደግሞ መጣ።

ጠመኔውን አውጥቶ ሰዓቱን ሲጽፍ ሽማግሌው አየው። ትርጉም አላስፈለገውም። በጉልበቱ ተንበርክኮ የአድማጩን ቦት ጫማ አቀፈ፤ ነርሷ ስታነሳው የሚለውን ሁሉ መተርጎም አልቻለችም።

አራት ሰዓት ቆፈሩ። አጭሩ ቆፋሪ ሌላው በማያልፍበት ቀዳዳ በደረቱ ገባ። እንጨት ሠሪው አንድም ቀልድ አልወጣውም። ድምፁ ሲመጣ፣ ሲጠፋ፣ ሲመጣ ቆየ። ደረሱበት። የውሃ ቧንቧ ነው። ግማሹ ከፍርስራሹ ውጭ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ ግማሹ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ያንኳኳል። ነርሷ ቧንቧውን አይታ ፊቷን ሸፈነች። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሁሉም ቤት ቧንቧ ያንኳኳል፣ ልጆች እንኳ ይስቁበታል።

አድማጩ ግን ከየት ይወቀው? ከመሬት በታች ፀሐይ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲሰነጠቅ፣ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ሰው ሲያንኳኳ ሰምቷል፤ ፀሐይ የምታስጮኸው ብረት ሰምቶ አያውቅም። ለአንድ አባት ልጁን በጠመኔ ጽፎ ሰጠው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ በገዛ እጁ ነጠቀው።

ልጅቷን ያገኟት ከቧንቧው ሦስት ክንድ ራቅ ብሎ፣ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ነው። አጥንቷ አልተሰበረም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በቀኝ እጇ የቤቱን ቁልፍ ይዛለች፤ የቁልፉ ጥርሶች ተበልተው ለስልሰዋል። አንድ ሐኪም መርምሮ የሞተችው ዛሬ ንጋት ላይ ነው አለ። አቧራና ውሃ ጥም ናቸው የገደሏት፤ ትናንት ማታ አንድ ኩባያ ውሃ ቢደርሳት ኖሮ ብሎ ጀመረና ሽማግሌውን አይቶ ተወው።

ሽማግሌው አልጮኸም። ልጁን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ተመልሶ ግድግዳው አጠገብ ቆመ፣ ከሰሉን ከኪሱ አወጣ። ከዚያም አድማጩን አንድ ነገር ጠየቀው። ነርሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመች። «በእኛ ሥራ ባቡር ሲዘገይ ከሰዓቱ ጎን ምክንያቱ ይጻፋል። ያለ ምክንያት የዘገየ ባቡር የለም። ሬዲዮ ማክሰኞ ማታ ትደርሳላችሁ ብሎ ነበር… ልጄ፣ ምን አዘገያችሁ?»

አለቃው ከጎኑ ቆሟል። ሌሎቹም ቆመዋል፤ ባንዲራ የተሰፋበት ካፖርት ለብሰዋል። አድማጩ እውነቱን ለማውጣት አፉን ከፈተ። እንዴት ብሎ ይንገረው? «ባንዲራው በግራ በኩል ተሰፍቶ ነበር» ይበለው? በቁልፍ ስታንኳኳ ለሞተች ልጅ አባት ይህ ይነገራል?

«ደመና፣ አባቴ» አለ። «ደመና ነበር።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ደመና የሚያሳምን ምክንያት ነው፤ በደመና ማንም አይቀየምም። ከመጨረሻው ሰዓት ጎን አንዲት ቃል ጻፈና ከሰሉን ጣለ። አድማጩ ፊደሉን ማንበብ ባይችልም፣ የጻፈው ምን እንደሆነ ያውቃል። የሱን ውሸት ነው።

ጓዱ ስምንት ቀን ቆየ። አርባ አንድ ሰው አወጣ፤ በሕይወት የወጣ አንድም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በአገር ቤት ግን ወሬው ሌላ ነበር። ጋዜጣው ካፖርት የለበሱትን አሥራ ሁለት ሰዎች በፊት ገጹ አወጣ፤ መንግሥት ለወዳጅ አገር ፈጥኖ በመድረስ አርአያ ሆኗል ተባለ። አለቃው ሪፖርት ጻፈ። የመዘግየት ምክንያት በሚለው ሥፍራ ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመና «ደመና» አለ። ሚኒስቴሩ ቃሏን እንደ ዕንቁ አነሳት። በማግስቱ መግለጫው «አስቸጋሪውን የአየር ጠባይ ተቋቁመው» ይል ነበር።

አድማጩ ሥራ ገባ፣ ዘንጉን ያዘ፣ ግን ቤት ሲገባ ዝም ሆነ። ሚስቱ ሦስት ቀን ታገሠችው። በአራተኛው ቀን መብራት ክፍል ድረስ አስጠርታ፣ በሩን ዘግታ፣ ምን እንደነካው ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት፤ ቧንቧውን፣ ቁልፉን፣ ደመናውን። እሷ ስትሰማው መብራት መወልወሏን አላቋረጠችም። ሲጨርስ፣ ሽማግሌው አሁን የት እንደሆነ ጠየቀችው። አያውቅም። ግድግዳው ፈርሶ ይሁን አይሁንም አያውቅም። «እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ስንቱን ሴት ዓይን ዓይኗን አይቻለሁ» አለችው። «ባልሽ አልወጣም ማለት ይቻላል። ይከብዳል፣ ግን ይቻላል። ለምን አልወጣም ስትለኝ ውሸት ከነገርኳት ግን ሁለተኛ ነው የምቀብርባት። አንተ የዚያን ሰውዬ ልጅ ሁለተኛ ቀብረሃታል።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም።

ሚኒስትሩ ጓዱን ለማመስገን ወደ ማዕድን ከተማዋ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። የሠራተኛው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሴቶቹ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጡ፤ የጉድጓዱን አፍ ከበው መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያው የፕሮቶኮል ሹም ወንበር ሲያስተካክል ነበር። ከጓዱ አንድ ሰው የምስጋና ቃል ይናገራል ተብሎ አድማጩ ተመረጠ፤ ሹሙ ሦስት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠው። አለቃው ደግሞ በሩ ላይ ይዞ «ለጡረታህ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቀረህ» ብሎ አስታወሰው፣ ቀጥሎም የሪፖርቱን ነገር ለራሱም እንቅልፍ እንደነሳው ተናዘዘለትና ወደ ውስጥ ገባ።

ሚኒስትሩ ተናገሩ። አርባ አንድ ሰው ብለው ቁጥሩን ጠሩ፤ ሬሳ መሆኑን ግን አልጠሩም። ደመናውንም አነሱ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ካሜራው ዞረ፣ አድማጩ ተጠራ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለንግግር የተፈጠረ ሰው አይደለም። «ክቡር ሚኒስትር፣ ደመና አልነበረም» አለ። «ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደመናውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጁ በውሃ ጥም ለሞተችበት አባት ፊት ለፊት ቆሜ ዋሽቼዋለሁ፤ እርስዎም የኔን ውሸት ወስደው ለአገር ነገሩት። እኔ አጥፍቻለሁ። አውሮፕላኑ ቆሞ እያየሁ ጋዜጣ ላይ መቀመጤም ጥፋት ነው። ይህን በእናቶቼና በእህቶቼ ፊት ተናግሬአለሁ፣ ቅጣቴንም እቀበላለሁ።»

ሹሙ ካሜራውን ለያዘችው ሴት እንድታጠፋው በእጁ ምልክት ሰጣት። አላየችውም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች። የመብራት ክፍሏ ሴት ከመጀመሪያው ረድፍ ተነስታ ቆመች። አጠገቧ ያሉትም አንድ በአንድ ቆሙ። ሚኒስትሩ ፈገግ ለማለት ሞከሩና፣ «ወንድሜ፣ ሐዘኑ ጎድቶሃል። ይህን በቢሮ እንነጋገርበታለን» አሉ።

«ቢሮ አልመጣም» አለ አድማጩ። «አባትየው በግድግዳው ላይ ሰዓቱን ሁሉ ጽፏል። የልጁን ሰዓት አንድም ደቂቃ አላጎደለም። የጎደለው የእኛ ምክንያት ብቻ ነው፤ እሱን ባለበት አፈላልጌ እልክለታለሁ፣ በእርስዎ ቃል እንጂ በኔ አይደለም። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አውሮፕላኑን ያስቆመው ማን ነው? ለምንስ አስቆመው? በደብዳቤ አይደለም፣ በመግለጫ አይደለም፤ እዚሁ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ አሁን ይመልሱልኝ።»